የዋንዛው መልካ

ካፒቴን ፎስኪ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና እንዳይጠቀለል በአራቱም ማዕዘን ጥይት አስቀመጠበት። ፈንታሁን በሩ አጠገብ ቆሞ ጥይቶቹን አየ። ካርታ አያውቅም፤ ጥይት ያውቃል።

«ቀረብ ይበሉ አያ ፈንታሁን» አለ አስተርጓሚው ተክሌ። ከሐማሴን የመጣ፣ ቀጭን፣ ቀልድ የማይጠፋው ሰው ነው። «አይነክስዎትም፤ ቁርሱን በልቷል።»

«የራበው ይሻል ነበር። የሚናከስ የጠገበ ነው» አለ ፈንታሁን፤ ቀረበም።

ጣልያን ደብረ ታቦር ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። ግንቦት ሊወጣ አሥር ቀን ቀርቶታል። ፈንታሁን ስድሳን ያለፈ የጉና ሰው ነው። በጉልበቱ ዘመን በጋ በጋውን ወደ ፎገራ እየወረደ ጉማሬ ሲያድን፣ ከቆዳው አለንጋ እየሠራ ሲሸጥ ኖሯል። አለንጋው በአንበሳሜም በይፋግም ገበያ ስም አለው። ካፒቴኑም ስሙን የሰማው ከገበያ ነው።

ካፒቴኑ ተናገረ፤ ተክሌም ከሥር ከሥሩ አስተረጎመ።

«ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ፈቃድ አለው። ክረምት ሳይገባ አውሬ ሊያይ ይፈልጋል። የገዛ መኪናውን ራሱ እየነዳ ይወርዳል። አለቃው ወታደር አስከትል ብሎት ነበር፤ እምቢ አለ። አጀብ ሲበዛ አውሬ ይሸሻል ባይ ነው። መሪም አልፈልግም ይላል። ጉማሬዎቹን ፎቶግራፍ ያነሣል፤ አንዱን ይጥላል፤ ሁለት ሌሊት ድንኳን ተክሎ ያድራል። ከአንቱ የሚፈልገው መንገዱን ብቻ ነው። የቱ ጋ ውኃ አለ፣ የቱ ጋ መኪና ይሰምጣል፣ በየት ይሻገራል።»

«ጉማራ ወንዝ ቅርቡ ነው። እዚያም ጉማሬ አለ።»

«ጉማራንማ ሄዶበታል። አንድ ሽማግሌ ጉማሬ አይቶ ተመለሰ። አሁን መንጋ ነው የሚሻው። ርብ ሐይቁን ከሚቀላቀልበት ማዶ፣ ታንኳ ከሚሠራበት ረጅም ሣር፣ ከደንገሉ ዳር፣ ሠላሳ አርባ ሆነው ይውላሉ ብለው ይፋግ ላይ ነግረውታል።»

ፈንታሁን ፊቱን አልለወጠም። አውሬ ፊት መቆም ይህን አስተምሮታል።

ከዚያ ማዶ፣ ከደንገሉ መሐል፣ ልጁ ደሳለኝ ተኝቷል። ከአርበኞች ጋር ነበር፤ ጥይት ጭኑን ሰብሮታል። ጓደኞቹ በቃሬዛ ተሸክመው አንዲት የአሣ አጥማጅ ጎጆ ውስጥ አስተኝተውታል። እህቱ ጥሩወርቅ አብራው ናት። ወጌሻው አጥንቱን ገጥሞ በሸምበቆ አስሮ፣ እንዳይነቃነቅ ብሎ ገዝቷል። ከደሴት ገዳም ታንኳ መጥቶ የሚወስደው ማክሰኞ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። ካፒቴኑ ቅዳሜ ማዶ ተሻግሮ ድንኳን ከተከለ ልጁ አለቀለት ማለት ነው።

«ምን ያስባሉ?» አለ ተክሌ።

«መንገዱን በልቤ እየሄድኩ ነው።»

ፈንታሁን መንገድ ለጠየቀ ሰው ዋሽቶ አያውቅም። በእነርሱ አገር፣ መንገደኛን ያሳሳተ ሲሞት የሰማይ ቤት መንገድ ይጠፋዋል ይባላል። ደግሞም ቢዋሽ አያዋጣውም፤ ካፒቴኑ ካርታ አለው፣ ይፋግም ጠይቋል። ከኮሮጆው አንድ እፍኝ ቆሎ አወጣ። በፍሬዎቹ መንገዱን በካርታው ላይ ያሳይ ጀመር። ተክሌ የከተሞቹን ስም እያነበበ በጣቱ ያሳየዋል፤ እርሱ በየቦታው አንዳንድ ፍሬ ያስቀምጣል።

«ይቺ ደብረ ታቦር። ይቺ ዓለም በር፤ እዚህ ምንጭ አለ። ይቺ ወረታ። ከወረታ ወዲያ የጎንደሩን መንገድ ትቶ ወደ ግራ ይታጠፋል። ሜዳው ዋልካ ነው፤ አሁን ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ መኪና ይይዛል። ዝናብ ከነካው ግን በሬም አይወጣበት። ይቺ የዋንዛው መልካ ናት። ርብን የሚሻገሩት በእርሷ ነው። በላይ በድልድዩ ቢሻገር ማዶው ረግረግ ነው፤ ወደ ሐይቁ አያደርስም።»

ካፒቴኑ ፍሬ በተቀመጠ ቁጥር በእርሳስ እየከበበ፣ በሌላ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ስንት ጣኒካ ቤንዚን፣ ስንት ትርፍ ጎማ፣ ስንት ውኃ። ሁሉን አስቦታል። ፈንታሁን እጁ ላይ አንዲት ፍሬ ቀረችው። የደንገሉ ፍሬ ናት። አያት፤ አፉ ውስጥ ጣላትና ቆረጠማት።

ካፒቴኑ ቀና ብሎ አንድ ነገር ተናገረ።

«እጅዎ ላይ አንድ ቀርታ ነበር ይላል» አለ ተክሌ።

«ቆሎ አይደል? በላኋት። መልካውን ከተሻገረ በኋላ ጉማሬውን በዓይኑ ያየዋል፤ ፍሬ አያስፈልገውም።»

ካፒቴኑ ትንሽ አየውና ሳቀ። ከዚያ ስንት ሰዓት ቢነሣ ይሻላል ብሎ ጠየቀ።

ፈንታሁን በመስኮቱ ወደ ጉና አየ። ተራራው ከወገቡ በላይ ደመና ለብሷል። ከማክሰኞ ጀምሮ በየማታው ይጥልበታል። ሜዳው ላይ ግን ገና ጠብ አላለም። የጉና ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ርብ ከጉና ነው የሚነሣ። ማታ ጉና ላይ የጣለ ዝናብ፣ በማግሥቱ ፎገራ ፀሐይ እያቃጠለ፣ ደረቅ ሰማይ ሥር ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ከቀደመ ከቀኑ በስድስት ሰዓት፣ ከዘገየ በዘጠኝ ሰዓት መልካው ይደርሳል። የሐሙስ ደራሽ ዓርብ ይጎድላል። የዓርብ ማታ ዝናብ ከከበደ ግን፣ ቅዳሜ የመጣው ውኃ ቶሎ አይለቅም።

መኪናውንም አሰላ። የጭነት መኪና ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይቷል። እያቃሰተ፣ እየጨሰ፣ ከኋላው ሰው እየገፋው፣ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። እንግዲህ ቅዳሜ ማለዳ ቢነሣ መልካውን የሚያየው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ወንዙ ሞልቶ ይቆየዋል። ተራግሞ ይመለሳል። ማንም አልዋሸውም።

«ቅዳሜ ማለዳ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት» አለ። «ሰሞኑን ርብ ጠባዩን ሊለውጥ ነው። እንዲህ ሲሆን ጉማሬ ከጥልቁ ወጥቶ ዳር ይይዛል። እንደ ልብ ይታያል።»

ይህም እውነት ነበር።

ዓርብ ማታ ጉና ላይ ሰማይ ተቀደደ። ፈንታሁን ደጁ ቁጭ ብሎ መብረቁን ሲቆጥር አመሸ። ተመስገን ብሎ ተኛ።

ማለዳ መኪናዋ ከደጁ መጥታ ቆመች። ትንሽ፣ ክፍት፣ ከኋላ ድንኳንና ጣኒካ የተጫነባት ናት። ካፒቴኑ መሪውን ይዟል። ተክሌ ከዕቃው መሐል እግሩን አጥፎ ተቀምጧል።

«ይግቡ አያ ፈንታሁን።»

«መሪ አልፈልግም ብሎ አልነበረ?»

«መሪ አይደሉም። ዋስ ነዎት። መንገዱ ቀና ከሆነ ምን ያስፈራዎታል ብሏል።»

«አንተስ?»

«እኔማ አፉ ነኝ። ጉማሬውን በጣልያንኛ ሊሰድበው አይችል።»

ፈንታሁን ጋቢውን ጠምጥሞ፣ ዘንጉን በጉልበቱ መሐል ተክሎ፣ ከካፒቴኑ ጎን ተቀመጠ። በቅሎው ከበረቱ አንገቷን አውጥታ አየችው።

መኪናዋ ቁልቁለቱን ያዘች። ፈንታሁን ከኮሮጆው ቆሎ ዘግኖ አፉ ውስጥ ጨመረ። አኝኮ ሳይጨርስ የሰማዕቱን ቤተ ክርስቲያን አለፉ። የሚሳለምበት ጊዜ አላገኘም። በበቅሎ እስኪረፍድ የሚያስኬደው ቁልቁለት ከእግሩ ሥር እንደ ገመድ ተተረተረ። ዓለም በር ሲደርሱ ፀሐይ ገና ከጉና ጫፍ ክንድ አልራቀችም።

ያን ጊዜ ገባው። መኪና ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አይቶ አያውቅም። ያየውም ጭነት የከበደበትን ነው። መንገዱን በበቅሎ፣ መኪናውን በዳገት ለክቶ፣ የልጁን ነፍስ በዚያ ስሌት ላይ አስቀምጧል።

«ፊትዎ ጠቆረ» አለ ተክሌ ከኋላ። «ያዞርዎታል?»

«እኔንስ አላዞረኝ። ሰዓቱ ነው የዞረብኝ።»

ዓለም በር ላይ ፈንታሁን ሊያዘገያቸው ከምንጩ እንቅዳ አለ፤ ቀዱ። ወረታ ከመድረሳቸው በፊት አንድ ጎማ ተነፈሰ። ካፒቴኑ እያፏጨ በራሱ እጅ ቀየረው፤ አንድ አቦል ቡና እንኳ የማያስጠጣ ጊዜ ፈጀበት። ፈንታሁን ጎማው ሲወልቅ ያየው ደስታ ጎማው ሲገጠም ጠፋ። ከወረታ ወዲያ ዋልካው እንደ ሸክላ ደርቆ ነበር። የዋንዛው መልካ ሲደርሱ የካፒቴኑ ሰዓት አራት ተኩል ይላል።

ርብ ጎድሎ፣ ጠርቶ፣ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይታያል። ማዶው መቶ እርምጃ አሸዋና ሣር ነው። ከዚያ ወዲያ ደንገሉ እንደ ግድግዳ ቆሟል።

ፈንታሁን ከመኪናው ወረደና ወደ ታች በእጁ አሳየ። በወዲህኛው ዳር፣ ወንዙ በሚጠልቅበት፣ ሰባት ስምንት ጉማሬ ጀርባቸው ብቻ ይታያል። ካፒቴኑ ፎቶግራፍ ማንሻውን ይዞ በደረቱ እየተሳበ ሄደ። ፈንታሁን አብሮ ተሳበ። ነፋሱን አሳየው፣ የሚጠጋበትን ቁጥቋጦ አሳየው፣ እንዲታገሥ በእጁ ነገረው። እንዲህ አድርጎ አንድ ሰዓት ገደማ በላ። ከዚያ በኋላ ግን ካፒቴኑ ተነሣና ልብሱን አራገፈ። ይህ ጥቂት ነው፣ መንጋው ማዶ ነው አለ። ተክሌን ጥልቀቱን እንዲለካ ወንዙ ውስጥ አስገባው።

ተክሌ ሱሪውን ጠቅልሎ ተሻገረ። ውኃው ጉልበቱን አልነካም። ማዶ አሸዋው ላይ ወጣና ድንገት ቆመ። ከእግሩ ሥር አንድ ነገር ያያል። የፈንታሁን ዓይን አላረጀም፤ ከዚህም ሆኖ አየው። ቁራጭ ሻሽ ነው፤ ቅቤና ደም የጠጣ፣ ቁስል የታሰረበት ጨርቅ። ጥሩወርቅ ወንዝ ወርዳ ስታጥብ የጣለችው ይሆናል።

ተክሌ ቀና ብሎ ወንዙን አሻግሮ ሽማግሌውን አየው። ካፒቴኑ ከመኪናው ላይ ጣኒካ እያወረደ ጀርባውን ሰጥቷል። ተክሌ እግሩን አንሥቶ ጨርቁ ላይ አሳረፈ። አሽከረከረው። አሸዋው ዋጠው። ከዚያ ተመለሰ።

«ያሻግራል» አለ።

ካፒቴኑ መነጽሩን ወደ ማዶ አነሣ። በዚያው ቅጽበት ሁለት ሽመላዎች ከደንገሉ መሐል ብር ብለው ተነሡ። ለጉማሬ ሽመላ አይነሣም፤ እዚያ ሰው ተነቃንቋል። ፈንታሁን ካፒቴኑ ፊት ቆመ።

«አይሻገሩ። ደራሽ እየመጣ ነው። ጉና ማታ ዘንቧል። ከተሻገሩ አይመለሱም፤ መሐል ወንዝ ላይ ከያዘዎትም መኪናዎን ሐይቁ ውስጥ ነው የሚያገኟት።»

ካፒቴኑ ሰማዩን አየ። ቁራጭ ደመና የለም። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ማዶ ምን አለ?» አለ በተክሌ አፍ።

«ጉማሬ አለ። የፈለጉት።»

«ሌላስ?»

«ሌላውን ከዚህ ሆኜ አላይም።»

ካፒቴኑ የሽጉጡን ማኅደር ቁልፍ ፈታ። አላወጣውም። ፈንታሁን ዘንጉን ይዞ ወደ ውኃው ወረደና ከዳሩ በሁለት እጁ ተከለው። ከዚያ ዳኛ ፊት እንደቆመ ተሟጋች ጋቢውን አደግድጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«በሰዓትዎ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ውኃው ይህን ዘንግ ነቅሎ ባይወስድ፣ በቅሎዬን እሰጣለሁ!»

«ምን ይላል?» አለ ካፒቴኑ።

«ውርርድ ነው» አለ ተክሌ። «እዚህ አገር ሰው ነገሩን ሲያምንበት በቅሎውን ያሲዛል። ይህ ሰው ያለችው አንዲት በቅሎ ናት።»

ካፒቴኑ መኪናዋ አፍንጫ ላይ ተቀመጠ። ሲጋራ ለኮሰ።

«በቅሎውን ምን ላድርጋት? ውኃው ካልመጣ እርሱን እፈልጋለሁ። ቀድሞኝ ይሻገራል፤ ደንገሉንም ፊት ፊቴ እየሄደ ይገልጥልኛል። ከመጣስ ምን ይፈልጋል?»

«ያችን የጻፏትን ወረቀት» አለ ፈንታሁን።

ካፒቴኑ ከኪሱ አውጥቶ አያት። ካርታው ላይ ያለው ክበብ ደብዛዛ እርሳስ ነው፤ ዝርዝሩ ሁሉ ከዚህች ወረቀት ላይ ነው። ትከሻውን ነቀነቀ። ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ መኪናው ላይ አስቀመጠ። አምስት ሰዓት ከአርባ ይላል።

ከቀደመ ስድስት፣ ከዘገየ ዘጠኝ። ፈንታሁን ይህን ያውቃል። ከዘገየ፣ ልጁን ያሸሸገውን ደንገል በገዛ እጁ ሊገልጥ ነው።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ውኃው እንደ መስተዋት ነው። ትናንሽ አሣዎች በዘንጉ ዙሪያ ይጫወታሉ።

«ሌላ በቅሎ የለዎትም?» አለ ተክሌ ቀስ ብሎ። ለመቀለድ ነበር፤ ድምፁ ግን አልቀለደም።

«ዝም በል ልጄ። ጆሮዬን ያዝክብኝ።»

ስድስት ሰዓት ከሩብ። ካፒቴኑ ሁለተኛ ሲጋራ ለኮሰ። ዓይኑ ከደንገሉ አልተነሣም። ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት። ሰዓቱን አነሣና እጁ ላይ መልሶ ማሰር ጀመረ።

ያን ጊዜ ታች ጥልቁ ውስጥ አንድ ጉማሬ አጉረመረመ። ጀርባቸው ብቻ ይታይ የነበሩት ተራ በተራ ብድግ አሉ። ውኃ እያንጠባጠቡ፣ ግልገላቸውን መሐል አድርገው፣ ወደ ደረቁ ወጡ። ከማዶም ሌሎች ወጡ፤ አሥር፣ ሃያ፣ ከዚያም በላይ። በጠራራ ፀሐይ ሣሩ ላይ ቆመው ወደ ላይ፣ ወንዙ ወደሚመጣበት ያያሉ። ካፒቴኑ ሰዓቱን ትቶ ፎቶግራፍ ማንሻውን አነሣ። ፈንታሁን ጉማሬዎቹን አላየም። አፍንጫውን ወደ ላይ አቀና።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። የጉና አፈር ሽታ ነው። እርጥብ፣ ቀዝቃዛ፣ የገብስ እርሻው ሽታ።

አሣዎቹ ጠፉ። በዘንጉ ዙሪያ አንዲት መስመር አረፋ ዞረች። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ብዙ ከብት አንድ ላይ ሲጋልብ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ። ተክሌ «መኪናዋን!» ብሎ ጮኸ። ካፒቴኑ ዘሎ ገባና ወደ ኋላ አስፈነጠራት። ቡናማው ውኃ ገለባና የተነቀለ የአስታ ዛፍ፣ አንዲት የሞተች በግም ተሸክሞ በመታጠፊያው ብቅ አለ። ዘንጉ አንዴ ተወዛወዘ። ሁለተኛ አልታየም። መኪናዋ ቆማበት የነበረው ሥፍራ ወንዝ ሆነ።

ካፒቴኑ ከመኪናው ወርዶ ወደ ፈንታሁን መጣ። በጣም ቀረበው።

«የመነሻውን ሰዓት የመረጥክ አንተ ነህ። ዝናቡን ታውቅ ነበር።»

ተክሌ ቃል በቃል አስተረጎመ።

«አውቅ ነበር» አለ ፈንታሁን። «ርብ ጠባዩን ሊለውጥ ነው፣ ያን ጊዜ ጉማሬ ወጥቶ ይታያል ብዬዎት ነበር። መንጋውን ሊያዩ ፈለጉ። ይኸው አሳየሁዎት።»

ካፒቴኑ ማዶውን አየ። ደንገሉን አየ። በመሐል ያለውን ውኃ አየ። ሦስት ቀን አይጎድልም፤ ፈቃዱም ሰኞ ያልቃል። እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። ፈንታሁን ዓይኑን አልሰበረም። እጁ ከሽጉጡ አልፎ ኪሱ ገባ። ወረቀቷን አወጣና ሽማግሌው ደረት ላይ ለጠፋት።

ወደ ደብረ ታቦር ሲመለሱ መኪናዋ ዳገቱን እያቃሰተችና እየጨሰች ወጣች። ፈንታሁንና ተክሌ ሁለት ቦታ ወርደው ገፏት። ካፒቴኑ መሪውን ይዞ ወደ ኋላ አይዞርም። በሁለተኛው ጊዜ፣ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ሲገፉ፣ ተክሌ አጎንብሶ፦

«ማዶ አሸዋው ላይ ምን እንደረገጥኩ ይጠይቁኝ ይሆናል» አለ።

«አልጠይቅህም።»

«እኔም አላየሁም። እናቴም ወንድሜን እንዲህ ስታስታምም አላየኋትም።»

ሁለቱም ትከሻቸውን አስተካክለው ገፉ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጥሩወርቅ አንበሳሜ ገበያ ላይ ከአባቷ ጋር ተገናኘች። ቆዳ የምትጠይቅ መስላ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ታንኳዋ ማክሰኞ መጣች። ተሻግሯል። አጥንቱም ይዟል ይላሉ። የዚያን ቀን ግን አባቴ፣ ከፈረንጅ ጎን ቆመው አይቶዎት ጠመንጃውን አንሥቶ ነበር። ከፈረንጁ ፊት ቆሙበት እንጂ ይተኩስ ነበር። ሲታዘብዎት ነው የሰነበተው።»

ፈንታሁን የሚሠራውን አለንጋ አስቀመጠ። ካፒቴኑ ቢወድቅ፣ በአንድ ጥይት ማዶ ለማዶ ያሉት መንደሮች ሁሉ ይቃጠሉ ነበር። ከኮሮጆው ከቆሎው ሥር የተጣጠፈችውን ወረቀት አውጥቶ እጇ ውስጥ ጨመረላት።

«ይህን ስጪው። ማንበብ የሚችል ይፈልግለት፤ መኪና የት እንደሚቆም፣ ስንት ውኃ እንደሚይዝ፣ የት እንደሚፈራ ሁሉ አለበት። ደግሞ እንዲህ በይው፦ መኪናን በበቅሎ አትለካ። ሲወጣ ሽማግሌ ነው፤ ሲወርድ ግን ከደብረ ታቦር ዓለም በር አንድ እፍኝ ቆሎ አኝከህ ሳትጨርስ ይደርሳል። አባትህ ይህን ሳያውቅ ለክቶ ሊቀብርህ ነበር በይው።»

ጥሩወርቅ ወረቀቷን መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠች። አለንጋውን አነሣችና ለገበያተኛ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ውድ ነው» አለች። ተነሥታም ሄደች።